«ቤቱ የእኔ ነው» የሚለው ክርክር ይግባኝ ሰሚ ችሎት ሲደርስ

የሐራጅ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፎበት አዲስ አበባ ወደሚገኘው ልደታ ፍርድ ቤት የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይዟል፦ የካርታ ኮፒ፣ የሽያጭ ውልና «እኔ የማንም ዕዳ የለብኝም» የሚል ቃል። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጉዳዩ በሥር ፍርድ ቤት ተወስኖ ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ሲደርስ ግን ዳኞቹ የሚያገላብጡት መዝገቡን ነው። ካርታው መዝገቡ ውስጥ ከሌለ፣ ቢኖርም ቀኑ ንብረቱ ከተያዘበት ቀን ጋር ካልተነጻጸረ፣ ወይም አቤቱታው ከመነሻው በማይሆን መንገድ ገብቶ ከሆነ እውነተኛው ባለቤት ሊሸነፍ ይችላል። ይሸነፋልም።

ከመንገዱ እንጀምር፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በሌሎች ሰዎች ክርክር ንብረቱ ለተነካበት ሰው ሦስት በር ከፍቷል። ክርክሩ ገና ፍርድ ካላገኘ በቁጥር 41 ጣልቃ ይገባል። ፍርድ ከተሰጠና ፍርዱ ራሱ መብቱን የሚነካ ከሆነ፣ በክርክሩ ተካፋይ መሆን የሚገባው ወይም የሚችል ሆኖ ሳለ ያልተካፈለ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በቁጥር 358 ይቃወማል። ፍርዱ ስለሌላ ነገር ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘብ፣ እሱን ለማስፈጸም ሲባል ንብረቱ ከተያዘ ደግሞ በቁጥር 418 «ይህ ንብረት ለዚህ ዕዳ ሊያዝ አይገባም» ብሎ ያመለክታል።

በ358 እና በ418 መካከል የሚሳሳተው ባለጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጠበቃም ይሳሳታል። ለመለየት የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ማንበብ ይበቃል። ቤቱ እዚያ ተጠቅሷል ወይስ የተጠቀሰው የገንዘብ መጠን ብቻ ነው? ለምሳሌ ወንድምና እህት አራዳ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ቤት ተከራክረው «ቤቱን ለእህትየው ያስረክብ» ተብሎ ተፈረደ እንበል። ቤቱን ከወንድምየው የገዛ ሰው በአፈጻጸም መዝገቡ ላይ 418ን ጠቅሶ ቢመጣ ችሎቱ ሊረዳው አይችልም። አፈጻጸም ፍርዱን እንዳለ ከማስፈጸም በቀር ፍርዱን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። የዚህ ገዢ መንገድ 358 ነው። አሁን ደግሞ ወንድምየው የ2 ሚሊዮን ብር ብድር ባለመክፈሉ ተፈርዶበት፣ የፍርድ ባለመብቱ (ያስፈረደበት አበዳሪ) ያንኑ ቤት «የባለዕዳው ነው» ብሎ አስይዞታል እንበል። ገዢው ብድሩ መኖሩም መጠኑም አይመለከተውም፤ ፍርዱን የሚቃወምበት ነገር የለውም። የሱ መንገድ 418 ነው።

ይግባኝ ሰሚ ችሎት ይህን የመሰለ መዝገብ ሲከፍት ገና ስለ ባለቤትነት ሳያነሳ የሚመለከተው ይህንን ነው። የተሳሳተው የአንቀጹ ቁጥር ብቻ ከሆነና የአቤቱታው ይዘት ትክክለኛውን ዳኝነት የሚጠይቅ ከሆነ የመታረም ዕድል አለ። ግን ሁለቱ መንገዶች በቁጥር ብቻ አይለያዩም። የ358 አቤቱታ በቃለ መሃላ ተደግፎ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የቀድሞው ከሳሽም ተከሳሽም መልስ ይሰጡበታል፤ ፍርዱ እንዲጸና፣ እንዲለወጥ ወይም እንዲሰረዝ ያደርጋል። በ418 የሚገኘው ውጤት ንብረቱን ከመያዝ ማስለቀቅ ብቻ ነው። አንዱን ጠይቆ ሌላውን ይግባኝ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ይግባኙ እየታየ ሳለ «እኔም ባለመብት ነኝ» ብሎ የሚደርስ ሰውም አለ። ይህ ሰው ገና ምስክር አላሰማም፣ ሰነዱም አልተመረመረም። ይግባኝ ሰሚ ችሎት ደግሞ በቁጥር 329(1) በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳን ነገር አዲስ አድርጎ አይሰማም። ጊዜውን እዚያ ከማጥፋት ፍርዱ ሳይፈጸም በ358 ፍርዱን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይሻለዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው በዋናነት ስለ 418 ነው፤ ከተማው መሃል የሚበዛው እሱ ስለሆነ።

በ418 የቀረበ አቤቱታ የሚመረመረው አመልካቹ የክርክሩ ተካፋይ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። ምስክር ይሰማል፣ ሰነድ ይታያል፣ ሐራጅ ወጥቶ ከሆነ ጨረታው ሊቆም ይችላል። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው። የሚያስረዳውም ንብረቱ በተያዘበት ቀን በንብረቱ ላይ መብት የነበረው ወይም በእጁ አድርጎ የነበረ መሆኑን ነው። ቀጥሎ ያለው 419 ችሎቱ ምን እንደሚጠይቅ ይነግረናል፦ ሲያዝ በማን እጅ ነበር? በባለዕዳው እጅ ከነበረ የያዘው ለራሱ ነበር ወይስ ለሌላ ሰው ሲል? ከፊሉ የሱ፣ ከፊሉ የሌላ ከሆነስ? መልሱ ንብረቱን በሙሉ ወይም በከፊል ያስለቅቃል።

«በተያዘበት ቀን» የሚለው ሐረግ መዝገብ ይገለብጣል። የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ይግባኝ ላይ ከሚነቀፍባቸው ነገሮች አንዱ «አመልካቹ ካርታ ስላቀረበ ንብረቱ ይለቀቅ» ብለው ሲወስኑ ካርታው በስሙ መቼ እንደወጣ አለማጣራታቸው ነው። የክሱ መጥሪያ ከደረሰ በኋላ ለወንድም የተሰጠ ስጦታና ከብድሩ 3 ዓመት በፊት የተደረገ ሽያጭ ሁለቱም ካርታ ያስገኛሉ፤ ክብደታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የይግባኝ ማመልከቻውን የሚያዘጋጅ ሰው ክርክር መጻፍ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ የቀን ዝርዝር ቢያወጣ ይጠቀማል፦ ብድሩ የተወሰደበት፣ ክሱ የቀረበበት፣ የሽያጭ ውሉ የተፈረመበትና የጸደቀበት፣ ገንዘቡ በባንክ የተላለፈበት፣ ቁልፍ የተረከቡበት፣ ስም የዞረበት፣ የእግድ ደብዳቤ ካርታ ክፍል የደረሰበት፣ ንብረቱ ለአፈጻጸም የተያዘበት። ከፍርዱ በፊት በ151 እና ተከታዮቹ ቁጥሮች መሠረት እግድ ተሰጥቶ ከነበረ ያኛው ቀን ከዚህኛው ቀን ተለይቶ ይጻፍ። ብዙ ሰው ሁለቱን «እግዱ» እያለ በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው 8 ወር ግን ሙሉ ክርክሩ ሊሆን ይችላል።

መዘግየትም ሌላ ጣጣ ነው። 418 ራሱ ሆን ተብሎ ወይም ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ አቤቱታ አይመረመርም ይላል። ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ግምት ሲወጣ፣ መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን ሲለካ ዝም ብሎ ቆይቶ የጨረታው ዋዜማ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት ለምን እንደዘገየ ነው። ይግባኝ ላይ የፍርድ ባለመብቱ ጠበቃ ደጋግሞ የሚጎትተው ክር ይኸው ነው።

ስለ ቤት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት ሥልጣን ባለው የአስተዳደር ክፍል ካርታ የተሰጠው ሰው የማይንቀሳቀሰው ንብረት ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም። 1196 የሚፈርስበትን ይዘረዝራል፦ ካርታው በሥርዓቱ መሠረት ያልተሰጠ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ ሲሆን፣ መነሻው ፈራሽ የሆነ ተግባር ሲሆን፣ ወይም ተከራካሪው ካርታው ከተሰጠ በኋላ ባለሀብት መሆኑን ሲያስረዳ። ሦስተኛው በተለይ ይታሰብበት። የካርታው ስም ዛሬም የባለዕዳው መሆኑ ብቻውን ነገሩን አይዘጋም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው «ስሙ ያልዞረ ቤት» የሚለውን ያስታውሳል። ገዢው ከፍሏል፣ ገብቶ ይኖራል፣ የቦታ ግብር የሚከፍለው ግን በሻጩ ስም ነው። የሻጩ ባለገንዘብ መጥቶ ያስይዛል። ባለገንዘቡ የሚይዘው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2878 ነው፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በመዝገብ ካልተጻፈ በቀር በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የለውም። ገዢው የሚይዘው 418ን ነው፦ በተያዘበት ቀን መብት ነበረኝ፣ በእጄም ነበር። ክርክሩ እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ልዩነት የሚያመጣው የሰነዱ ጥራት ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት (2877)፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት መሆን አለበት (1723)። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ ፎርም ላይ ጥብቅ አቋም ከያዘ ወዲህ፣ ሰፈር ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ «የቤት ሽያጭ ውል» ይዞ ከባለዕዳው ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ባለገንዘብ ጋር መከራከር እጅግ ከባድ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውል፣ በባንክ የተላለፈ ክፍያና በራስ ስም የተዘዋወረ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ በአንድ ላይ ሲቀርቡ ሌላ ነገር ነው። በነገራችን ላይ የመብራት ቢል ብቻውን ባለቤትነትን አያስረዳም፤ በእጅ አድርጎ መያዝን ግን ይደግፋል፤ 418 ደግሞ ሁለቱንም ይቀበላል።

የሥር ፍርድ ቤቱ ካርታው ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ የወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ ከወሰነ፣ ይግባኝ ሰሚው መዝገቡን የሚመልስበት ጥሩ ምክንያት ይሆናል። ጥያቄው ግን በትክክል መቅረብ አለበት። «ቤቱ የማን ነው?» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ «በእገሌ ስም የተመዘገበ ነው» የሚል አንድ መስመር መልስ ይዞ ይመለሳል። መጠየቅ ያለበት በቤቱ ቁጥርና በካርታው ቁጥር ላይ መጀመሪያ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ በምን ሰነድ መነሻነት በየትኛው ቀን እንደተዛወረ፣ ምን እግድና ዕዳ እንዳለበት፣ ካርታው መክኖ ከሆነ መቼና ለምን እንደሆነ ነው።

ፒያሳና አራዳ አካባቢ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። የቀበሌ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑት ቤቶች የሚቆጠር ነውና ማንም ግለሰብ «የእኔ ነው» ብሎ በ418 አያስለቅቀውም፤ ባለዕዳውም የሱ ስላልሆነ ለዕዳው ሊሸጥበት አይገባም። የተያዘው ቀበሌ ቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ወይም በንግድ ሥራው ላይ ያለ መብት ከሆነ አቤቱታው ያንን ለይቶ ይናገር። መሬቱም ቢሆን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ማመልከቻው ላይ «ቦታዬ» ተብሎ የሚጻፈው በሕግ ቋንቋ ይዞታ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ የባንኩን ዕዳ መርሳት አይገባም። በዕጣ የተገኘ ቤት ቀሪ ዋጋው ካልተከፈለ የባንክ መያዣ አለበት፤ 418ን ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር 420 እንደ መያዣ ያለ መብት ያለበት ንብረት መብቱ እንደተጠበቀ ተይዞ የሚቆይበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ባንኩ የሚጠይቀው የቅድሚያ መብት ሆኖ ሳለ እንደ ባለቤት «ይለቀቅልኝ» ብሎ ማመልከቱ ትርፍ የለውም።

የሱቅ ዕቃና መኪና

ተንቀሳቃሽ ዕቃ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1193 ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ለራሱ እንደያዘና ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል። መርካቶ ባለዕዳው በከፈተው ሱቅ ውስጥ የተያዘ ጨርቅ የባለዕዳው ነው ተብሎ ይነሳል፤ «በአደራ ያስቀመጥኩት ነው» የሚል ሰው ያንን ግምት መስበር አለበት። የሚሰብረውም በወንድሙ ምስክርነት አይደለም። የግዢ ደረሰኝ ከካሽ ሬጅስተር የወጣ ሆኖ ቀኑና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የሚነበብ፣ ከውጭ የገባ ከሆነ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ)፣ ዕቃው ለሱቁ የተሰጠበት የርክክብ ሰነድ፣ ከዚያ በፊት በተመሳሳይ መንገድ ተሰጥቶ የተሸጠና ሒሳቡ የተወራረደ ዕቃ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ፤ እነዚህ ናቸው ክብደት ያላቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማዛመዱ ነው። የአፈጻጸም መኮንኑ የሞላው ዝርዝር «ፍሪጅ ነጭ ትልቅ 1፣ የልብስ ስፌት ማሽን 4» ይላል። ደረሰኙ ደግሞ ሞዴልና መለያ ቁጥር ይጠቅሳል። ሁለቱ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ማን አስረዳ? ሥር ፍርድ ቤት ላይ በቦታው ተገኝቶ እንዲታይ ወይም ባለሙያ ቁጥሩን እንዲያነብ ካልተጠየቀ ይግባኝ ላይ «የእኛው ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ዕቃው ሲያዝ እዚያ የነበረ ሰው ወዲያውኑ መለያ ቁጥሮቹ በዝርዝሩ ላይ እንዲጻፉ መጠየቅ ይችላል፤ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መኪና ሲሆን ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ የሽያጭ ውሉ መጽደቁን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ መዛመዱንና በተያዘበት ቀን ማን ይነዳው እንደነበር ማቅረብ ነው። የውክልና ጉዳይ ይጠንቀቁ። «በውክልና ሸጦልኛል» የሚል ሰው የያዘው ውክልና ለመሸጥ ነው ወይስ ለመንዳትና ለማስተዳደር? ውክልና የባለቤትነት ማዛወሪያ አይደለም።

ባልና ሚስት፣ ወራሾችም

በባል ዕዳ ቤት ሲያዝ ሚስት የምታቀርበው አቤቱታ ለብቻው የሚቆም ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቁጥር 63 መሠረት ንብረቱ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ መኖሩ የሚስትን ግማሽ አያጠፋም። ግን በዚህ አያበቃም። በቁጥር 70 ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ የጋራ ዕዳ ይሆናል፤ ያኔ ግማሽ ድርሻዬ ይለቀቅልኝ የሚለው ክርክር አቅም ያጣል። የሥር ፍርድ ቤት «ቤቱ የጋራ ነው፣ ግማሹ ይለቀቅ» ብሎ ሲወስን ዕዳው ለምን እንደዋለ ጭብጥ (ተለይቶ የሚወሰን ነጥብ) ካልያዘ፣ ይግባኝ ሰሚው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 343 ጭብጥ መሥርቶ የሚመልሰው ለዚህ ነው።

ቤቱ ለዕዳው በውል መያዣ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ሚስት በቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 68 ስምምነቷ ያስፈልግ ነበር ብላ ትነሳለች። ይህ መብት ጊዜ አለው። በ69 መሠረት ግዴታው መገባቱን ካወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ አለባት። ይህን ጊዜ አሳልፎ ነገሩን በ418 ስም ማምጣት የሚያስኬድ አይመስልም።

ከክሱ በኋላ የተደረገ የፍቺ ስምምነትም አለ፤ ቤቱ በሙሉ ለሚስት፣ ዕዳው በሙሉ ለባል። ፍቺው እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ባልና ሚስት በመካከላቸው የተስማሙት ስምምነት የሌላ ሰውን የመክፈያ ንብረት ከመንገድ ሊያስወጣ አይችልም፤ ዳኞችም ቀኑን ሲያዩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ወራሾች አንድ ነገር ይያዙ፦ የወራሽነት ማስረጃ ወራሽ መሆንን ያስረዳል፤ ቤቱ የሟች መሆኑን አያስረዳም። ውርሱ ካልተከፋፈለና አንዱ ወራሽ ባለዕዳ ከሆነ የሌሎቹ አቤቱታ ድርሻቸውን የሚመለከት ነው፤ «ቤቱ በሙሉ ይለቀቅ» ብሎ መጠየቅ ሌላውንም ጥያቄ ያዳክማል።

አሁን ወደ ይግባኙ

ይግባኙ ለማን እንደሚቀርብ የሚወስነው የሥር ፍርድ ቤቱ ነው። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሆነ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የመጀመሪያ ደረጃው የገንዘብ ሥልጣን ከ500 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን ብር ስላደገ፣ ድሮ ከፍተኛው ጋ ይጀመሩ የነበሩ ብዙ የቤት ጉዳዮች ዛሬ ከታች ይጀመራሉ። በቻርተሩ (አዋጅ ቁጥር 361/1995) የተቋቋመው የከተማው ፍርድ ቤት ከሆነ ለከተማው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው።

ጊዜው 60 ቀን ነው (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323)። 60 ቀን ማለት ሁለት ወር ማለት አይደለም። ሐምሌ 15 የተሰጠ ውሳኔ ላይ 60ኛው ቀን መስከረም 10 ይውላል፤ ጳጉሜን የዘነጋ ሰው መስከረም 15 ሲመጣ ጊዜው አልፎበታል። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 9 ነው። የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ቆጠራውን ያቆምልኛል ብሎ መቀመጥ ትልቅ ቁማር ነው፤ ተረኛ ችሎትና ሬጅስትራር አሉ። ጊዜው ካለፈ በ326 ማስፈቀጃ ማቅረብ ይቻላል፤ የጠበቃ ስህተት ግን በቂ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ የውሳኔው ግልባጭ ውሳኔው በተነበበበት ሳምንት ይጠየቅ።

በ418 ትእዛዝ ላይ ይግባኝ ሲቀርብ መልስ ሰጪው ቀድሞ የሚያነሳው መቃወሚያ 421ን ነው። ይህ ቁጥር በ418 ምርመራ የተረታ ወገን መብቱን ለማስረዳት ሌላ ክስ መመሥረት እንደሚችል፣ ካልመሠረተ ግን ትእዛዙ የመጨረሻ እንደሚሆን ይናገራል። «ይግባኝ ለምን? ክስ አለልህ» ይላል መልስ ሰጪው። በተግባር እነዚህ ትእዛዞች በይግባኝም በሰበርም ሲታዩ ኖረዋል። እኛ ሁለቱን የምንለያቸው እንዲህ ነው። ስህተቱ የሕግ ከሆነ፣ ማለትም ዳኛው የማስረዳት ሸክሙን ካዛባ፣ የቀረበ ሰነድ ካልመዘነ፣ ምስክር ካልሰማ ይግባኝ ይሻላል። ማስረጃው ከመጀመሪያውም ደካማ ሆኖ አሁን የተሻለ ከተገኘ 421 ይሻላል፤ አዲስ ክስ ስለሆነ አዲስ ማስረጃ ያስገባል። ዋጋው የዳኝነት ክፍያ ነው፤ በንብረቱ ግምት ልክ ይታሰባል።

የይግባኝ ማመልከቻው ላይ የፍርድ ባለመብቱም ባለዕዳውም መልስ ሰጪ ሆነው ይጠሩ። ባለዕዳውን «እሱ ከኛ ጋር ነው» ብሎ መተው በኋላ ውሳኔው እሱን አያስገድድም የሚል ክፍተት ይፈጥራል። ቅሬታው አጭር ይሁን፤ እያንዳንዱ ነጥብ መዝገቡ ውስጥ ያለበት ገጽ ይጠቀስ። የምስክር ቃል በድምፅ ተቀርጾ ስለሚገለበጥ ከግልባጩ ላይ ቁጥሮችን ያመሳክሩ፤ «2009» የሚለው «2011» ተብሎ ቢገለበጥ ይግባኝ ሰሚው የሚያነበው 2011ን ነው። ክርክሩንም አይቀይሩ። ሥር ላይ «ገዝቼ ነው» ያለ ሰው ይግባኝ ላይ «በስጦታ ነው» ቢል ሁለቱንም ያጣል።

ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆምም (332)። የእግድ ጥያቄ ለብቻው በቃለ መሃላ ተደግፎ፣ የጨረታው ቀን ተጠቅሶና ማስታወቂያው ተያይዞ ይቅረብ። ችሎቱ ጥያቄው ሳይዘገይ መቅረቡን፣ ካልታገደ ከባድ ጉዳት የሚደርስ መሆኑንና ዋስትና መኖሩን ይመለከታል (335)። ንብረቱ ተለቆበት ይግባኝ የሚለው የፍርድ ባለመብቱ ከሆነ የሚጠይቀው እግድ ሌላ ነው፦ ቤቱ ስም እንዳይዞርና ለሌላ እንዳይተላለፍ።

ከዚያ በኋላ ይግባኝ ባዩ ይሰማል። ችሎቱ የሥር ውሳኔው ጉድለት የለውም ብሎ ካመነ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ በ337 ይዘጋዋል። «ያስቀርባል» (መልስ ሰጪው ይጠራ) ካለ መልስና የቃል ክርክር ይከተላል። ግማሹ ተለቆ ግማሹ ተይዞ ከሆነ መልስ ሰጪውም በ340 መስቀለኛ ይግባኝ ሊያቀርብ ይችላል፤ ብዙዎች ይህን ረስተው በራሳቸው ላይ የተወሰነውን ግማሽ ዝም ብለው ያጸኑታል። አዲስ ማስረጃ በ345 የሚገባው የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ከከለከለ ወይም ችሎቱ ራሱ ለመፍረድ ካስፈለገው ነው፤ የተረሳ ሰነድ ማስገቢያ አይደለም። በመጨረሻ ችሎቱ በ348 ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል፤ የሥር ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብቻ ዘግቶት ከነበረ በ341፣ ያልተጣራ ጭብጥ ካለ በ343 ይመልሳል። የተመለሰ መዝገብ ድል አይደለም። ጭብጡ ጠባብ ነው፤ ማስረጃው ከዚያ ጭብጥ ውጭ አይዘልም።

መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን በ90 ቀን ውስጥ ለሰበር ያመለክታል። ሰበር ምስክር አይመዝንም፤ «ዳኛው ምስክሬን አላመነኝም» የሚል አቤቱታ ሩቅ አይሄድም።

ንብረቱ እንዲለቀቅ ከታዘዘ በኋላ የሚቀር ሥራም አለ። ትእዛዙ ለአፈጻጸም ክፍሉ፣ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ወይም መኪና ከሆነ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይደርስ፤ ደብዳቤውም የእግዱን የቀድሞ ቁጥርና ቀን ይጥቀስ። በአንድ ቤት ላይ ከሁለት የተለያዩ መዝገቦች የወጣ እግድ ሲኖር አንዱ ተነስቶ ሌላው ይቀራል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከዓመት በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ካርታ ክፍል ሲሄድ ነው። የእግድ ዝርዝሩን እዚያው አስወጥቶ ባዶ መሆኑን በጽሑፍ መያዝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።